የኮረብታው ጀርባ

ከከተማችን በስተኋላ ጉብ ያለውን ኮረብታ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከታች ሲያዩት አንድ አናት ያለው ይመስላል። ወጥተው ጨረስኩ ሲሉ ግን ረግረጋማ ሜዳ ይጠብቅዎታል፤ እውነተኛው አናት ከሜዳው ማዶ ነው። ይህን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ዳገት በእግር መውጣት ምን በወጣኝ?

እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሁድ እሁድ ብቻዋን ትወጣው ነበር። ሐኪሙ ጉልበቷ ተከፍቶ በብረት እንደሚታሰር፣ ከዚያ ወዲያ ዳገት እንደማይታሰብ ሲነግራት፣ «እንግዲያው አንዴ ልሰናበተው» አለች። የፈለገችው ከአናቱ ላይ ሆና የኮረብታውን ጀርባ ማየት ነበር።

አብረን በምንወጣበት ቀን ዋዜማ ጋራዡን ዘግቼ ወጣሁና ረግረጉን የሚያቋርጠውን መንገድ ጠረግኩላት። እንቅፋት ይሆናታል ያልኩትን ድንጋይ ሁሉ እያነሳሁ ወረወርኩ። ጋራዥ ውስጥ እግር የሚጠልፍ ነገር መሬት ላይ አይተውም፤ ልማዴ ነው።

በማግስቱ ሜዳው ዳር ስንደርስ ክው ብላ ቀረች።

«ድንጋዮቹ የት ሄዱ?»

«አነሳሁልሽ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«አንተ ሰውዬ! ደረቁን መሬት የሚያሳዩት እኮ እነሱ ናቸው!»

ትናንት የሄድኩበትን እኔው ራሴ አጣሁት። እሷ አጠር ያለውን ሳር እየመረጠች ትመራኝ ጀመር፤ ያም ሆኖ ሁለቴ ጭቃው ውስጥ ሰጠመች። ማዶ ስንደርስ ጉልበቷ አብጦ አልታዘዝ አለ። አናቱ እዚያው ከበላያችን ነበር። ልሸከምሽ ብላት፣ «ሁለታችንም ሆስፒታል እንግባ?» ብላ አለት ተደግፋ ተቀመጠች።

«አንተ ውጣና የሚታይህን ንገረኝ» አለች።

ወጣሁ። እኛ ስንዳክር ጭጋጉ ቀድሞናል፤ የገዛ ጫማዬ እንኳ በቅጡ አይታየኝም።

«እሺ፣ ምን ይታያል?» ብላ ተጣራች።

ያን ጊዜ፣ እሁድ ማታ ራት ላይ ያየችውን ስታወራ እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ የማልፈው ሁሉ አፌ ላይ መጣ። «በግራ ቀይ ገደል አለ!» ብዬ ጮኽኩ። «ከገደሉ ሥር የተሰነጠቀው አለት፣ ከስንጥቁ የበቀለችው ዛፍ። ቀጥሎ ጉብታዎቹ፤ የመጨረሻው ራሰ በራ ነው። ከዚያ ወዲያ የጡብ ፋብሪካው ጭስ...»

«ውሸታም» አለች ከታች፤ እያለቀሰች ነበር። «ጭጋጉ ከዚህም ይታየኛል እኮ።»

ልወርድ ዞር አልኩ።

«ቀጥል እንጂ» አለች፤ «ወንዙን ዘለልከው።»