ዝም ያለ እንደ ተስማማ

ብራስልስ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት መንግሥታት ገንዘባቸውንና ፖለቲካቸውን አንድ ለማድረግ በሚደራደሩበት አዳራሽ፣ አፍ አውጥቶ "እሺ" የሚል ሰው የለም። ሰብሳቢው አንቀጹን ያነባል፣ ጠረጴዛውን ዙሪያውን ያያል፤ ዝም ያለ እንደ ተስማማ ይቆጠራል። ያልተስማማ ግን ፊቱ የተጋደመውን፣ የአገሩ ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። አገር የሚያህል ነገር እንዲህ መወሰኑ ለሰሚው ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ እዚያ ግን ማንም አይስቅም።

ቦዲል ራቨን ልማዱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የዴንማርክ ተደራዳሪ ሆና ውሉን ቃል በቃል ስትከራከርበት የከረመችው እሷ ናት። ዛሬ ግን ወንበሩ የሚኒስትሩ ነው፤ ሚኒስትር ባለበት ባለሙያ ከኋላ ይቀመጣል፣ አፉንም አይከፍትም።

ሚኒስትሩ ቶርኪል ኖርቢ ከተሾሙ ገና ሳምንታቸው ነው። ያደጉት ዩትላንድ ገጠር፣ አሳማ አርቢዎች መንደር ነው። እዚያ ሰው ሲቆጣ አይጮህም፤ እጁን አጣጥፎ ዝም ይላል፣ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ እምቢ ማለቱን ያውቃል። ጠዋት ቦዲል ስለ ሰሌዳው ልታስረዳቸው ስትሞክር "አይዞሽ፣ እምቢ ማለት ለእኔ ነው የምታስተምሪው?" ብለው ስቀውባታል።

ሰብሳቢው ሆላንዳዊው ሬይናውት ዋናውን አንቀጽ አነበበ፦ የየአገሩ ገንዘብ ቀርቶ በአንድ የጋራ ገንዘብ ይተካል፤ ውሳኔውም አይመለስም። ኖርቢ እጃቸውን አጣጥፈው ወንበራቸውን ደገፍ አሉ።

"ክቡርነትዎ፣ ይናገሩ እንጂ!" አለች ቦዲል በሹክሹክታ።

"ምኑን እናገራለሁ? እምቢ ብያለሁ። አያዩኝም እንዴ?"

ቦዲል ደነገጠች። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት። አባቷን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደሮች ከቤት ወስደውት በዚያው ቀርቷል፤ እነዚህ አገሮች ዳግመኛ እንዳይተላለቁ ኪሳቸው አንድ መሆን አለበት ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ያመነች ሴት ናት። "እምቢ በይ" ተብላ በተላከች ቁጥር የምትሄደው እያመማት ነበር። አሁን ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃል።

ሬይናውት ቦዲልን አያት። ልቧን ያውቃል። "እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ…" ብሎ መዶሻውን አነሣ።

የቦዲል እጅ በሚኒስትሩ ትከሻ ላይ አልፎ ተዘረጋና ሰሌዳውን አቆመው።

"ዴንማርክ" አለ ሬይናውት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኖርቢ ዞር ብለው አዩአት፤ ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉ። "ሕዝባችን ራሱ ድምፅ ሳይሰጥበት ገንዘባችንን፣ ክሮነርን፣ አንለቅም። በቃ።"

በዕረፍቱ ሬይናውት ኮሪደር ላይ ያዛት። "ምን ነካሽ አንቺ? እጅሽን ብትሰበስቢ አልቆልን ነበር እኮ!"

"ለማን ነው የሚያልቀው? ለእኔና ለአንተ?" አለች። "አገር ቤት ላለው ሕዝብ ምን ልበለው? ሚኒስትራችሁ ልማዱን ስላላወቁት ነው የጋራው ገንዘብ ውስጥ የገባችሁት ልበለው?"

"አንቺ ራስሽ ታምኚበት የለም እንዴ?"

"አምናለሁ! እሱ አይደል የሚያንገበግበኝ" አለችና እንባዋ መጣ።

ከምሳ በኋላ ሰብሳቢው ዴንማርክን ከጋራው ገንዘብ ነፃ የሚያደርግ ጽሑፍ እንዲቀርብለት ጠየቀ። ኖርቢ ባዶ ወረቀት ወደ ቦዲል ገፉላት።

"አንቺው ጻፊው። ቆይ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ወንበሩ ያንቺ ቢሆን ምን ትዪ ነበር?"

"ዝም እል ነበር።"

ኖርቢ በዚህ አዳራሽ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገብቷቸዋል። የራሳቸውን ብዕር ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

ቦዲል ጎንበስ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከተመኘችው ነገር አገሯን የሚያስቀረውን ዓረፍተ ነገር፣ ማንም የሕግ አዋቂ ሊያልፍበት የሚችል ቀዳዳ ሳትተው ጻፈችው።