የታጠበው የእሁድ ባርኔጣ

ኤርኔስታ የአባቷን የእሁድ ባርኔጣ ያጠበችው በቀና ልብ ነው። በማግስቱ የበኩር ልጇ ክርስትና ልትነሳ፣ አባቷ ሴኮንዶም የልጅ ልጁን አቅፎ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሊወጣ፣ ያን ቅባት የጠገበ ነገር ደፍቶ ይሂድ? በሳሙና ፈተገችው። በተለይ ውስጡን ዙሪያውን የያዘውን ቆዳ በእጇ እያሸች ሦስት ውሃ ለወጠችለት። ማምሻውን ራሷን ይፈልጣት ጀመር፤ ግድግዳ ይዛ እስክትቆም። በአማቷ አሳበበች። አማት ለዚህ ጊዜ ትጠቅማለች።

ሴኮንዶ ከተራራው ሥር ባለው የድማሚት ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ባልንጀራው ጋውዴንሲዮም እንደዚያው። መንደሩ ሁለቱን በጸሎታቸው ነው የሚያውቃቸው። እሁድ እሁድ ቅዳሴ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን እውስጡ ይቀብሩና በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ቄሱ እንኳ «እንደነዚህ ሽማግሌዎች ጸልዩ» ብለው ሰብከዋል። ምስኪን ቄስ!

የክርስትናው ጠዋት ሴኮንዶ ሕፃኗን አቅፎ ፊት ፊት ወጣ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆም አለ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ላብ አጠመቀው። ኤርኔስታ ሮጣ ልጇን ተቀበለችው። እሱ ባርኔጣውን አፍንጫው ላይ ደፍኖ ማገ፤ ደግሞ ማገ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«ኤርኔስታ… ሳሙና ሳሙና ይላል።»

«አጥቤልህ ነዋ አባባ! ምን ሆንክ?»

«ወይ ልጄ…» ደረቱን በጡጫው ተጭኖ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። «ውስጡን ቆዳውን የድማሚቱን ዘይት ነበር የምቀባው። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ጠብ አደርግበታለሁ። ያለሱ እሁድን አልወጣትም።»

ነገሩን ከጋውዴንሲዮ በቀር ለማንም ያልተናገረው ስለሚያስባርር ነው። ከፋብሪካው ጠብታ ይዞ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም።

ባሏ ሐኪም ሊጠራ ቁልቁል በረረ። ጋውዴንሲዮ እያለከለከ ከኋላ ደረሰና ምንም ሳይጠይቅ የራሱን ባርኔጣ አውልቆ በሴኮንዶ ፊት ላይ ደፋው።

«ማግ! አንተ ደረቅ፣ ማግ እልሃለሁ! ዛሬ ብትሞት ድግሱን ታበላሻለህ።»

«አንተስ?» አለ ሴኮንዶ ከባርኔጣው ውስጥ።

«እኔ በሬ ነኝ። ማግ።»

ኤርኔስታ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ደባልቃ አነበነበች። በገዛ እጄ ገደልኩት አለች በልቧ። ቆይቶ ቆይቶ የሴኮንዶ ከንፈር ቀለም ያዘ። «ለቀቀኝ» አለ። ያን ጊዜ ሁሉም በሱ ላይ ተረባረበ፤ የሚስመው ሳመው፣ የሚቆጣው ተቆጣው።

ሐኪሙ ሲደርስ ግን ሴኮንዶን አየት አድርጎ አለፈው። «ያኛውስ?» አለ።

ጋውዴንሲዮ ከአጥሩ ላይ ተደግፎ፣ መላጣው ለፀሐይ ተሰጥቶ፣ ግራ ክንዱን ጨብጦ ፈገግ ለማለት ይታገል ነበር። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሐኪሙ ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ምላሱ ሥር ጠብ አደረገለት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሴኮንዶ።

«እናንተ የምትሠሩት ነዋ። ተበርዞ ተመጥኖ ሲሰጥ መድኃኒት ነው። ልብም እንደ ክንድህ ጡንቻ ናት። ደም የሚያደርስላት ሥር ሲጠብ ዳገት ላይ ትራባለች፤ ሕመሙ የረሃቧ ጩኸት ነው። ይህ ሥሮቹን ያሰፋል። ደሙ እግርና ሆድ ውስጥ ጋደም ይላል፣ ሸክሟ ይቀልላታል፣ ለተራበውም ጡንቻ ይደርሰዋል። ጉልበት አይጨምርላትም፤ ጭነት ነው የሚያወርድላት።»

«ታዲያ ለምን እሁድ እሁድ?»

«ስድስት ቀን ስትምጉት የደም ሥሮቻችሁ ለመዱት። በሰባተኛው ሲያጡት ይኮማተራሉ። ያልለመደው ደግሞ ቢነካው ራሱን ይፈልጠዋል።»

ኤርኔስታ አማቷን ዞር ብላ አየቻት፤ አፈረች።

ጋውዴንሲዮ ትንፋሹ ሲመለስ ጎኑ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እርስዎንም እንደሚያምዎት ለምን አልነገሩንም?»

«ብናገር ባርኔጣዬን ይቀበለኝ ነበር? አባትሽን አታውቂውም?»

ሕፃኗን ጭኑ ላይ አስቀመጠችና በፀሐይ የቀላውን መላጣውን ሳመችው። «ያባቴን እድሜ ሰጡኝ፤ እግዜር የርስዎን ያርዝምልኝ» አለችው፤ እንባዋም መጣ።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ የሕፃኗ የክርስትና አባት ማን እንደሆነ ቄሱ ጠየቁ። ሴኮንዶ ባልንጀራውን በክንዱ ሳበው፤ ሕፃኗን ሁለቱ በአንድ ላይ ያዟት። ባርኔጣዎቻቸው ወንበሩ ላይ ቀርተዋል።

ቄሱ ግራ ገባቸው። «ዛሬ ጸሎት የለም እንዴ?»

«አለ እንጂ አባታችን» አለች ኤርኔስታ። «ዛሬ የምጸልየው እኔ ነኝ።»