ከልጅቷ ኋላ ያለው በር

ኔልሲ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አየችው። ከልጇ ኋላ ያለው አረንጓዴ በር ምስማሩ ሳይቀር ይቆጠራል። የዩራኒስ ፊት ግን ጉም የሸፈነው ይመስል ደብዝዟል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። ካርታሄና ታጥቦ ዛሬ ጠዋት የመጣው ፊልም በሙሉ እንዲህ ነው።

"ምልክት ነው" አለች። "ልጄ እየጠፋችብኝ ነው።"

"እማ፣ የተበላሸው ካሜራው ነው። እኔማ ይኸው አለሁ" አለች ዩራኒስ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እያጠፈች። ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ ሜዴሊን ትሳፈራለች፤ ነርስነት ልትማር። "በስልክ አንሺኝና ይብቃን።"

"ያምናውን ስልክ ወንዙ በላው። ከነፎቶው።"

ዩራኒስ ሌላ ቀሚስ አንስታ ማጠፍ ጀመረች።

ካሜራው የኔልሲ ሟች ባል የሄርናን ነው። በከተማቸው በማጋንጌ አደባባይ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት፣ ሙሽራውንም ቆራቢውንም ያነሳበት ነበር። ሁለት ሌንስ አለው፤ አንዱ ካንዱ በላይ። በላይኛው አንሺው ያያል፣ በታችኛው ፊልሙ ያያል። "የላይኛው አማት ነው" ይል ነበር ሄርናን። "ያያል፣ ይተቻል፤ የሚሠራው የታችኛው ነው።" በየልደቷ ዩራኒስን አረንጓዴው በር ላይ አቁሞ ያነሳት ነበር። እሱ ሲሞት ኔልሲ ቀጠለች። ዘንድሮ ግን ጉም ብቻ ሆነ። የሜዴሊን መንገድ ደግሞ ተራራ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ናዳ ነው። አንድ ነገር ቢደርስባት በእጄ የሚቀረኝ ይሄ ነው ወይ? ብላ አሰበች፤ ጮክ ብላ ግን አልተናገረችውም።

መሳቢያው ውስጥ አንድ ፊልም ቀርቷታል። እሱም ከመበላሸቱ በፊት ኤሊዬሰርን አስጠራችው። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፣ የዩራኒስ የክርስትና አባት።

"አበልጄ፣ ምን ሆንሽ? አጠራርሽ ሰው የሞተ አስመሰለው።"

"ገና ነው" አለች ኔልሲ።

ኤሊዬሰር ፎቶዎቹን እያገላበጠ አየ። "ሌንሱን ሻጋታ በልቶት ይሆናል። በዚህ እርጥበት የማይሻግት ምን አለ?"

"ሻጋታ ቢሆን ሁሉም ይደበዝዝ ነበር። በሩን እየው እስቲ፤ ጥርት ያለ ነው። እጄ ተንቀጥቅጦም ቢሆን በሩም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

ይህን ስትል ሄርናን ሲጠራጠር የሚያደርገው ትዝ አላት። የካሜራውን ጀርባ ከፈተች። ዩራኒስ ካርታ ትቀዳበት የነበረውን ስስ፣ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ቆርጣ ፊልሙ በሚያርፍበት ቦታ ወጥራ ለጠፈችው። ካሜራውን ደጃፉ ላይ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ኤሊዬሰርን ጋዜጣ አስይዛ ፊት ለፊቷ አቆመችው።

"አትንቀሳቀስ!"

"ሞተር መጠገን እንጂ ሐውልት መሆን አልተማርኩም።"

"አባባ፣ ሆድህንም ያዘው፤ እሱም ይንቀሳቀሳል" አለች ዩራኒስ ከበሩ።

ኔልሲ በላይኛው በኩል አየችና ጢሙ እስኪጠራ አስተካከለች። ከዚያ የታችኛውን ሌንስ ክፍት አድርጋ በጥቁር ጨርቅ ተከናንባ ወረቀቱን ከኋላ አየች። መንገዱ ተገልብጦ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ደምቆ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ሄርናን ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሲያሳያት ገና እጮኛው ነበረች። በዚህ ጨርቅ ሥር ጉንጭ ለጉንጭ ተጠጋግተው አንዲት በቅሎ በሰማይ ስትሄድ አይተው ሳቃቸው አላቆም ብሎ ነበር። ጨርቁ ዛሬ የሚሸተው አቧራ ብቻ ነው።

የኤሊዬሰር ጢም ወረቀቱ ላይ ጉም ሆኗል። ከኋላው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የፋርማሲ የብረት አጥር ግን ጥርት ብሏል።

"የታችኛው ጤነኛ ነው" አለች ከጨርቁ ወጥታ። "እኔ አንተን ሳይ፣ እሱ አንተን አልፎ ኋላህን ያያል። የሚያሳስተኝ የላይኛው ነው።"

"አማትየዋ!" አለ ኤሊዬሰር። ትንሿን መፍቻ ከኪሱ አውጥቶ የላይኛውን ክዳን ፈታና ምስሉ የሚያርፍበትን የመመልከቻ መስታወት በጥፍሩ አነሳው። በአንዱ ማዕዘን ሥር ነጭ ነገር ተጣብቋል። ፍቆ መዳፉ ላይ አደረገው። ሳቁ አደባባዩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ሩዝ! አበልጄ፣ ካሜራሽ ምሳ ላይ ነው!"

ማጋንጌ ውስጥ እርጥበት የሚፈራ ነገር ሁሉ፣ ጨውም ሰዓትም፣ በሩዝ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ካሜራውም እንዲሁ። ኔልሲ በክረምቱ መግቢያ መስታወቱን አንስታ አቧራውን ስትጠርግ የሩዝ ስባሪ ገብታ ኖራለች። መስታወቱ የጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ ስላለ፣ እሱ ላይ የጠራው ፊልሙ ላይ አይጠራም።

"እኔው ነኝ ያበላሸሁት" አለች።

"አንቺው ነሽ ያገኘሽውም" አለ ኤሊዬሰር ክዳኑን እያጠበቀ።

እንደገና ወረቀት ወጠሩ። አሁን የጢሙ ሽበት አንድ በአንድ ታየ።

ፊልሙን ጎርሶ ካሜራው ወደ አረንጓዴው በር ዞረ። ዩራኒስ ብቻዋን፣ ዩራኒስ ከኤሊዬሰር ጋር፣ ዩራኒስ ዓይኗን ጨፍና፣ ዩራኒስ እየሳቀች። አንዲት ፎቶ ስትቀር ፀሐይዋ ከበሩ መራቅ ጀመረች።

"ጨርሺው እማ። ማታ ወደ ካርታሄና ለሚሄደው ሾፌር እሰጠዋለሁ። ቅዳሜ ታዪዋለሽ።"

ኔልሲ ጎንበስ ብላ በላይኛው አየች። ልጇ ቆማ ትጠብቃለች፤ ቅንድቧ ሳይቀር ይለያል። ጣቷን መጫኛው ላይ አሳረፈች። ብትጫነው ቅዳሜ ሁሉን ታውቃለች፤ ካሜራው በእርግጥ ድኖ እንደሆነ፣ ልጇ ፊልሙ ላይ ወጥታ እንደሆነ።

ቀና አለችና ክዳኑን አጠፈችው።

"አንዷ ትቆይ፤ አንቺን ትጠብቅ። ታኅሣሥ ስትመጪ እዚሁ በር ላይ አነሳሽና እጨርሰዋለሁ።"

"እስከዚያ ፎቶው ወጥቶ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?"

"አላውቅማ" አለች ኔልሲ፣ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ እያጠለቀች።