የቡርሀን ሰልፍ

ቡርሀን ሆንግ ኮንግ ስልክ ሲነግድ ኖሮ ባሕር ዳር ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ወርቅ ይዞ የመጣ መስሎት ነበር። እሱ ይዞ የመጣው ግን ሰልፍ ነው፤ ተራ ጠብቆ መቆም። እንግሊዞች ያንን ከተማ በኦፒየም ጦርነት ነጥቀው መቶ ኀምሳ ዓመት ተቀመጡበት፤ ሲወጡ ወተት ያለው ሻይ፣ የዳኞች ነጭ ዊግና ሰልፍ ትተው ሄዱ። ቡርሀን ሻዩን አልወደደውም፤ ዊጉም አላስፈለገውም። በሰልፉ ግን ልቡ ጠፋ። የሰው ፍቅር ምኑ ይታወቃል!

ሰልፉን ብቻ ቢወድ ማንም ባልተጎዳ። እሱ ደግሞ ፈይዛንም ወደደ። የፈይዛ አባት ሐጂ አብዱልከሪም ጣና ዳር ጀልባ የሚሠሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ቡርሀን ሽማግሌ ቢልክባቸው፣ "እሑድ አዲሷን ጀልባየን ይዞ ሰው ወደ ዘጌ ያሻግር። ያለ ግርግር ካሻገረ እንነጋገራለን" አሉ።

እሑድ ጧት ቡርሀን በውኃው ዳር ረዥም ገመድ ወጠረ፤ ጀልባዋንም ከአንደኛው ጫፍ አሰራት። ፈይዛ ትኬት ልትቆርጥ ተቀመጠች። እሷም ስለምትወደው፣ እንዳይዋረድባት ውስጥ ውስጡን ዱዓ ታደርጋለች።

"ሁሉም በመጣበት ተራ!" አለ ቡርሀን እያጨበጨበ። "ሆንግ ኮንግ ሚኒስትርም ይሰለፋል!"

ተሳፋሪው ሁሉ ከነልጆቹ በገመዱ አጠገብ ተሰለፈ። እውነትም ቀጥ ያለ፣ ያማረ ሰልፍ ወጣው። ቡርሀን ደረቱ ተነፋ። ወዲያው የፋብሪካ ጡረተኛው አቶ ጥዑመ ልሳን ከዘራቸውን ይዘው መጡና ከጭራ ሊቆሙ ሲሉ፣ ሰልፉ በሙሉ "ኖር!" ብሎ ወደ ፊት አሳለፋቸው። እማሆይ ወለተ ሚካኤልም ተከትለው መጡ፤ እሳቸውም እየተለመኑ ግንባር ደረሱ። ነገሩ እዚያ ላይ ተቆለፈ።

"እማሆይ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ኧረ በማርያም! እርስዎ እያሉ?"

"እኔ ልሙት፣ አልቀድምም!"

"አይሙቱ! እኔም አልቀድም።"

ሁለቱ ሲማማሉ የጀልባዋ ሞተር ብቻውን ይንደቀደቃል። ቡርሀን "ሰልፍ ነው'ኮ!" እያለ ቢለምን፣ ከኋላ ያሉት "ዝም በል፣ ታላላቆች እየተነጋገሩ ነው" ብለው ተቆጡት።

በዚህ መሐል ሐጂ አብዱልከሪም ራሳቸው ከተፍ አሉ። ቡርሀን ምን ያድርግ? ያስቀድማቸው? ሕጉ ፈረሰ። ከጭራ ያቁማቸው? እንግዲያ ፈይዛን ይርሳት። ላቡን እየጠረገ፣ "ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ከመጨረሻ ይቁሙ" አለ።

ሐጂ ሄደው ከጭራ ቆሙ።

ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ከፊታቸው የነበረው ሰውየ ለሐጂ ጀርባውን መስጠት ነውር ሆነበትና ዞረ። እሱን ያየው ቀጣዩም ዞረ፤ እንዲህ እያለ እስከ እማሆይ ድረስ ሁሉም ዞረ። ጭራው ራስ ሆነ። ሰልፉ ጀርባውን ለጀልባዋ ሰጥቶ፣ ሐጂን ከፊት አድርጎ፣ ከተማውን እያየ ቀጥ አለ። እማሆይና አቶ ጥዑመ ልሳን ብቻ ከመማማል ስለዳኑ እፎይ አሉ።

ቡርሀን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። መቼም የጨነቀው የማያደርገው የለምና፣ ጀልባዋን ፈትቶ ዘሎ ገባ፤ ዳር ዳሩን ነድቶ በሌላኛው ጫፍ፣ ከሐጂ ፊት አቆማት። ሐጂ ተሳፈሩ። ሌላውም፣ ፈይዛም ጭምር፣ አንድ ግፊያ ሳይኖር ተከተለ።

ጀልባዋ ከዳር ስትርቅ ሐጂ ወደ ቡርሀን ጠጋ አሉ።

"እንግሊዙ የሆንግ ኮንግ ሰዎችን አገር ወስዶ ሰልፍ ሰጣቸው?"

"አዎ ሐጂ።"

"ምን ያለ ኪሳራ ነው! የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፣ ልጄ።" ውኃውን አዩ። "ይሁን፣ ግርግር አላየሁም። እንነጋገራለን ብያለሁ፣ እንነጋገር። ፈይዛን ካንተ በፊት የጠየቁ ሦስት ሰዎች አሉ። አንተ የሰልፍ ሰው ነህ፤ ከኋላቸው ቁም።"

ቡርሀን መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። በገዛ ሕጉ ተይዞ ምን ይበል?

ፈይዛ ትኬቶቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ አባቷ ቀና አለች።

"እሽ አባየ፣ ከኋላ ይቁም" አለች። "እኔም ፊቴን ወደ ጭራው አዞርሁ።"