ዶዮገና ዳገት ላይ አልወጣ ያለው ቁልፍ

ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ነድቻለሁ። የጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ አምቡላንስ ነድቻለሁ፣ ጡረታ ስወጣም የራሴን አሮጌ ፒካፕ ነድቻለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ግን ያን ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ መኪና ላይ አንዲት ቁልፍ መንቀል አቅቶኝ ዳገት ላይ ስቀር ምን እንደተሰማኝ እንዲገባችሁ ብዬ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና የምሄደው ከታናሽ ወንድሜ ከዮናስ ጋር ልታረቅ ነበር። ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። የአባታችን ጓደኛ የነበሩት አቶ ላምቤቦ ሁለታችንንም ለየብቻ ሲለምኑ ከርመው በመጨረሻ ቀን ቆረጡልን። ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት፣ እሳቸው ቤት። ሁለት ነገርም አስጠነቀቁን። አንደኛ፣ የሚቀር ሰው ሽማግሌ እንደናቀ ይቆጠራል፤ ሽማግሌዎቹ ይበተናሉ፣ እሳቸውም ዳግመኛ አይለምኑም። "ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው ሀብቴ፣ ሌላ ስድስት ዓመት የለኝም" አሉኝ። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ፊት ከመቀመጣችን በፊት አንድም ቃል እንዳንነጋገር። የተጣላ ሰው መንገድ ላይ ከተነጋገረ አዲስ ጠብ ጨምሮ ይመጣል ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው።

ጠቡ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ መስቀል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማኅበርተኞች በጋራ የገዛነውን በሬ ለማየት ዮናስ ቤት ተሰብስበን ነበር። መንዳት እያስተማርኩት ስለነበር ፒካፑን ከመንገድ ደጁ ድረስ እንዲያመጣው ቁልፉን ሰጠሁት። አመጣው። ማርሽ ሳያስገባ፣ የእጅ ፍሬን ብቻ ስቦ ዳገቱ ላይ አቁሞት ወረደ። እኛ የበሬውን ሻኛ ስናደንቅ ፒካፑ ቀስ እያለ ቁልቁል መጣና በሬውን ገጨው። እግሩ ተሰበረ። መስቀልን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ታረደ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። በማኅበርተኛው ፊት፣ በሚስቱ ፊት፣ "ላንተ ቁልፍ ከመስጠት ለዝንጀሮ መስጠት ይሻላል። ሁለተኛ ቁልፌን እንዳትነካ" ብዬ ከእጁ ነጠቅኩት። ዮናስ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱም ደጄን አልረገጠም፣ እኔም ደጁን አልረገጥኩም።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር፤ ለባለቤቴ ለትርፊት እንኳ። የፒካፑ የእጅ ፍሬን መላላቱን ከወር በፊት ጀምሮ አውቅ ነበር። ነገ አሠራዋለሁ ስል ከረምኩ። እኔ እንደሆንኩ መኪና የማቆመው ማርሽ አስገብቼ፣ ጎማ ስር ድንጋይ ወሽቄ ነው፤ የዚህ አገር ዳገት ያስተማረኝ ይህንን ነው። ስለዚህ ፍሬኑ አላሳሰበኝም። ለዮናስ ግን አልነገርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ሰው ፊት ያዋረድኩት እሱን ነው። ያን ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት ልናገር የቆረጥኩት ይህንን ነበር።

ልጄ ሜሮን ሆሳዕና ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ትንሿን አውቶማቲክ መኪናዋን የሰጠችኝ እየፈራች ነው። ጠዋት ራሷ ሞተሩን አስነስታ፣ ከግቢ አውጥታ፣ መንገዱ ላይ ማርሹን ዲ የምትለዋ መሄጃ ላይ አድርጋ አስረከበችኝ። "አባዬ፣ ስታቆም..." ብላ ስታስረዳኝ ትርፊት በመስኮት ጋቢ ታቀብለኝ ነበር። "እሺ እሺ" አልኳት። ለሠላሳ አንድ ዓመት ሹፌር ስለ ማቆም የምታስተምር ልጅ አሳደግሁ ብዬ ገርሞኝም ነበር።

መኪናዋ መንገዱን በደንብ ሄደችልኝ። ዶዮገና ልገባ ስል ግን፣ አቶ ላምቤቦ ቤት ለመድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ፣ ልቤ ከዳኝ። ልናገር ያሰብኩትን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ሞከርኩት። "የእጅ ፍሬኑ..." ብዬ ቀሪው አልወጣ አለኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ተኩል ነው። ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ዳገቱ ላይ፣ ጥግ ይዤ ቆምኩ። እንደ ልማዴ ማርሽ አስገባሁ። ኤል የምትለዋ የዳገት ናት ሲባል ሰምቻለሁ፣ እንግዲህ አንደኛ ማርሽ መሆኗ ነው ብዬ እዚያ ላይ አደረግኳት። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወርጄ የኋላ ጎማ ስር ድንጋይ ወሸቅኩ፣ ተመልሼ ቁልፉን ሳብኩት።

አልወጣም። ዞር አደረግኩት፣ እስከ መጨረሻው አይዞርም። መሪውን ግራ ቀኝ ወዘወዝኩ። ምንም። እንግዲያውስ አስነስቼ ልሂድ ብዬ ወደ ፊት ጠመዘዝኩት። ሞተሩ ትንፍሽ አላለም። ሜሮን ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፣ አታነሳም።

መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ ውቢት የምትባል ሴት ነበረች። ከከረጢቶቿ ኋላ ተነስታ መጣች። "ምን ሆኑ ጋሼ?" አለችኝ። ነገርኳት። ቀጥሎ ፈትሁዲን የሚባል ጢማም የባጃጅ ሹፌር ቆመ። ባትሪ ነው አለ፤ ሬዲዮኑን ከፈትኩለት፣ ዜና ያነባል። እንግዲያው ቁልፉ ቆሽሾ ነው አለና በዶሮ ላባ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበት። አሁን ቁልፉም አይወጣም፣ እጄም በዘይት ተለወሰ።

አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀረው።

"ጋሼ፣ በባጃጅ ይሂዱ፣ እኔ መኪናዋን እጠብቅልዎታለሁ" አለች ውቢት። ደግ ነበረች፣ ሐሳቧም ልክ ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ዳገት ላይ፣ ቁልፍ የተሰካበት መኪና ጥዬ መጣሁ ብዬ ዮናስ ፊት ልቀመጥ? ዓይኔ እያየ አላደርገውም። ውቢት ወደ ድንቿ እየተመለሰች "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ስትል ሰማኋት።

ፈትሁዲን መልእክቴን ይዞ ወደ አቶ ላምቤቦ ቤት ሄደ። "አልቀረሁም፣ መንገድ ላይ ነኝ በላቸው" አልኩት። ሲሄድ ከባጃጁ ፒንሳ ለምኜ አስቀርቼ ነበር። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሰዓቱ አራትን ሲያልፍ አየሁ። አቶ ላምቤቦ ዱላቸውን ይዘው ሲነሱ፣ ዮናስ "አያችሁ፣ ናቁኝ" እያለ ሲወጣ ታየኝ። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ቁልፉን በፒንሳ ያዝኩና ልጎትተው እጄን አጠነከርኩ።

በዚያው ቅጽበት ባጃጁ ከኋላዬ ቆመ። ከውስጡ የወረደው ዮናስ ነው።

ፀጉሩ ሸብቷል። ኮት ለብሷል። ወደ መስኮቱ ቀርቦ እኔን ሳይሆን እጄን አየ። ከዚያ ወደ ፈትሁዲን ዞረ።

"ፒንሳውን ያስቀምጡት በላቸው፣ ቁልፉ ይሰበራል።"

ፈትሁዲን ግራ ገባው። "እዚሁ ናቸው እኮ፣ ለምን አንተ አትነግራቸውም?"

"አልችልም። ሽማግሌ ከልክሎናል።"

ፈትሁዲን ወደ እኔ ዞረ። "ፒንሳውን ያስቀምጡት ተብለዋል።"

"ሰምቻለሁ በለው" አልኩና አስቀመጥኩት።

ዮናስ አንገቱን አስግጎ ውስጡን ተመለከተ። "ማርሹን የት ላይ ነው ያደረጉት በላቸው።"

"ኤል ላይ ነው በለው። ዳገት ነው፤ መኪና በማርሽ ነው የሚቆመው በለው።"

የዮናስ ከንፈር ጥግ ላይ አንዲት ነገር ብልጭ አለች፣ ቶሎ ዋጣት። "ልክ ናቸው በላቸው። ይቺ ግን አውቶማቲክ ናት። ፒ የምትለዋ ማቆሚያ ላይ ካላደረጓት ቁልፉን አትለቅም፣ ሞተሯም አይነሳም። ፍሬኑን ረግጠው፣ የማርሹን ጉጥ በአውራ ጣታቸው ተጭነው፣ ወደ ፊት እስከ ጥግ ይግፉት በላቸው።"

ፈትሁዲን እስኪደግመው አልጠበቅኩም። ረገጥኩ፣ ተጫንኩ፣ ገፋሁ። ቀጭ አለ። ቁልፉ ዞረና ከተቀቀለ ድንች ላይ እንደሚወጣ ቢላዋ ወጣ።

እፎይ ያልኩት እስከ እግር ጥፍሬ ድረስ ነው። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ፤ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግኩ። ዮናስ መንዳት እንደተማረና ዱራሜ ከተማ ለአንድ ነጋዴ እንደሚነዳ ሰዎች ነግረውኝ ነበር። አላመንኳቸውም ነበር።

ከመኪናው ወረድኩና ቁልፉን ዘረጋሁ። "እሱ ይንዳት በለው።"

ዮናስ ቁልፉን አየ፤ አልወሰደውም። "ቁልፌን እንዳትነካ ብለውኝ ነበር በላቸው።"

"ብዬ ነበር በለው። አጥፍቻለሁ በለው።"

ፈትሁዲን አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና "ይቺን እንኳ አላደርስም፣ ሰምቷል" ብሎ ወደ ባጃጁ ሄደ። ዮናስ በዘይት የተለወሰውን ቁልፍ ከመዳፌ ላይ አነሳ።

አቶ ላምቤቦ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። አራት ተኩል ሆኗል። "እኛ ተነስተን ነበር" አሉኝ። "ወንድሜ ተቸግሮ እንጂ አይቀርም፣ ላምጣው ብሎ ያስቀመጠን ይሄ ነው።" ከዚያ በጥርጣሬ አዩን። "ተነጋግራችኋል?"

"አንድም ቃል አልተነጋገርንም" አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ። ተከትሎን የመጣው ፈትሁዲን ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

ዮናስ ግን ወዲያው አልገባም። መኪናዋን ፒ ላይ አድርጓታል፣ የእጅ ፍሬኑን ስቧል፣ ቁልፉ እጁ ላይ ነው። እንዲህም ሆኖ አጥሩ ጥግ ሄዶ ድንጋይ ፈልጎ አመጣና ጎማዋ ስር ወሸቀ። ያስተማርኩትን አልረሳም።

ተቀመጥን፣ ጸሎት ተደረገ። አቶ ላምቤቦ ማን ይጀምር አሉ። "እኔ" አልኩ። ዳገቱ ላይ አልወጣ ያለኝ ዓረፍተ ነገር አሁን ወጣ። "የእጅ ፍሬኑ መላላቱን አውቅ ነበር። አልነገርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሰደብኩት እሱን ነው።"

ዮናስ መሬት መሬት እያየ "አውቃለሁ ጋሼ" አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። "ስስበው ላልቶ ነበር። ድንጋይ ላመጣ ነው የወረድኩት። ድንጋዩን ይዤ ስመለስ መኪናው ሄዷል።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ታላቄ ነዎት፣ ሰው ፊት ነበርን" አለ።

እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። አቶ ላምቤቦ "ሳይደግስ አይጣላም" ብለው መረቁንና ተነስተን ተቃቀፍን። ስድስት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር የት እንደገባ አላውቅም፤ ምሳ ሲቀርብ የሁለት ሰው በላሁ።

ሳይመሽ ዮናስ እየነዳ ሆሳዕና ገባን፤ ቤቴ ሊያድር። ሜሮን ከሥራ ገብታ ደጅ ላይ ትጠብቀኝ ነበር፤ አሥር ጊዜ መደወሌን አይታ ደንግጣለች። መኪናዋን ዙሪያዋን አየቻት፣ ከዚያ ባዶ እጄን አየች።

"አባዬ፣ ቁልፉስ?" አለችኝ።

"አጎትሽ ጋ ነው" አልኳት።