የጎደለው ደወል

የብስክሌቱ መሪ ላይ ደወሉ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። ዙሪያው ዝጓል፤ መካከሉ ግን ገና ትናንት የተፈታ ይመስል ያብረቀርቃል። ራምዚ በአውራ ጣቱ ዳበሰውና ቅዝቃዜው እጁን አስሸሸው።

«ይሄን ነው የምትነጂው?»

«ሌላ የለኝማ» አለች ፈቲሀ። «የወንድሜ አይደል?»

እናቷ እማ ሃሊማ የቆርቆሮው በር ላይ ቆመዋል። በሩ ሁለት ክንፍ አለው፤ የሚከፈተው ግን አንዱ ብቻ ነው። የፈቲሀ ወንድም ሸረፋ ከብስክሌቱ ሳይወርድ እየነዳ መግባት ይወድ ስለነበር፣ ያኔ ሁለቱም ይከፈቱለት ነበር። አምና ወደ አራ ሸይጣን ሐይቅ እንደሄደ ቀረ። ብስክሌቱ አፋፉ ላይ፣ ግራር ተደግፎ ተገኘ፤ ያለ ደወሉ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ እናቶች የልጆቻቸውን ብስክሌት ሁሉ ቆለፉበት፤ የቡታጅራም ጎዳና ለባጃጅ ተለቀቀ።

ራምዚ ልጆቹ እንደገና አብረው እንዲነዱ በየበሩ እየዞረ ለምኖ ነው ይህን ከሰዓት ያገኘው። አንድ ነገር ቢፈጠር ዳግመኛ ብስክሌት የሚያወጣ እንደማይኖር ያውቃል።

«የእኔስ ላይ ዶሮ ታድርበት ነበር» አለ ጓደኛቸው ጀማሉ የብስክሌቱን ጎማ እየረገጠ። «ዛሬ ቤት አልባ አደረግካት።»

ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እማ ሃሊማ አልሳቁም።

«ራምዚ፣ ልጄ፤ የቀረችኝ እሷ ናት።»

«ኢንሻአላህ ከመግሪብ ሶላት በፊት እዚህ ነን፣ እማ ሃሊማ።»

ተከታትለው ሲነዱ የድሮው ደንባቸው ይህ ነበር፦ ፊት ያለው ወደ ኋላ አይዞርም፤ የዞረ እንደሆነ መሪው ይስትና የተከተለውን ሁሉ ይጥላል። ደወሉን ይደውላል፤ ከኋላው ያሉት በየተራ ይመልሳሉ። የመጨረሻው ደወል ሲሰማ ሁሉም አለ ማለት ነው። የመጨረሻው ሁሌም ሸረፋ ነበር። ዛሬ ያንን ቦታ የሚፈልግ ጠፋ።

«እኔ እሆናለሁ» አለች ፈቲሀ። «ደወል ስለሌለኝ ‹አለሁ› እላለሁ።»

አራ ሸይጣን ሲደርሱ ሐይቁ ከገደሉ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። ነፋስ የለም። ራምዚ ደወለ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ገደሉም የሁሉንም ደወል መለሰላቸው። ጸጥ ካለ በኋላ አንድ ደወል ብቻውን መጣ፤ ጉሮሮውን እንደታነቀ ሰው መሃል ላይ የሚቆረጥ።

«የገደል ማሚቶ ነው» አለ ጀማሉ። ቀልዱ ግን ድምፁ ውስጥ አልነበረም።

ፈቲሀ እጇን ባዶው ቦታ ላይ አድርጋ ቁልቁል ታያለች። «የእሱ ደወል እንዲህ ነበር የሚታነቀው።»

«እንሂድ፣ ፈቲሀ። ለእናትሽ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለእሱስ ማን ገባለት?»

ሆኖም ተነሳች።

ሲመለሱ ፀሐይ ከዘቢዳር ተራራ ጀርባ ገብታለች። ራምዚ ከፊት ሆኖ ደወለ። ደወሎቹ ተራ በተራ መለሱ፣ ከዚያም «አለሁ!» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ። ከእሱም ኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ያ የታነቀው ደወል። ጆሮዬ ነው አለ ለራሱ። የበቆሎው ማሳ ሲያልቅ ደግሞ ደወለ። «አለሁ» አለች ፈቲሀ፣ አሁን በሹክሹክታ፣ ከአጠገቧ ላለ ሰው የምትናገር ይመስል። ደወሉ ቀርቧል።

ከተማው መግቢያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ደወለ። የጀማሉ መለሰ፤ የሌሎቹም መለሱ። ጠበቀ። «አለሁ» የሚል የለም። የታነቀው ደወል ብቻ መጣ፤ የተረጋጋ፣ ቦታውን እንዳገኘ ሰው።

አንገቱ ሊዞር ፈለገ። ዞሮ ባያያትስ? መሪውን ጨብጦ ነዳ።

የመግሪብ አዛን ሲጀመር የእማ ሃሊማ በር ጋ ደረሰ። አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ቆመ፤ ዓይኑ ግን ከፊቱ አልተነቀለም። ከኋላው ጎማዎች ጠጠሩን እየፈጩ አንድ በአንድ ቆሙ። አንዱ ብቻ አልቆመም፤ ቀስ እያለ ይመጣል።

እማ ሃሊማ በትከሻው ላይ አሻግረው አዩ። ረዥም ጊዜ አዩ። ወደ በሩ ዞረው የዛገውን መወርወሪያ በሁለት እጃቸው ታገሉት፤ ሲለቅላቸው ከአምና ወዲህ ያልተነካውን ክንፍ ወለል አድርገው ከፍተው፣ መንገድ ለቀቁ።