የቅርጫቱ ልክ

የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት በሩን ገርበብ አድርጋ ከፊቷ የቆመችውን ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሴትየዋ ልጇን ልትወስድ መምጣቷን ስትነግራት በሩን በመክፈት ፈንታ ጥቂት አመነታች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች በመጨረሻ፣ «ልጅዎ እናቴ ተኳሽ ናት እያለች ለልጆቹ ታወራለች። ሁለቱ ፈርተው አጠገቧ አንቀመጥም ብለዋል።»

«ልክ ናት፤ ተኳሽ ነኝ» አለች እናትየዋ ነገሩ ሳይገባት።

መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምን… ምንድን ነው የሚተኩሱት?»

«ሸሚዝ። አንዳንዴም ጉርድ ቀሚስ።»

ሁለቱም ሳቁ። መምህርቷ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ ልጅቷን ሁልጊዜ የሚወስዷት አንዲት አሮጊት ስለሆኑ ከአያቷ ጋር ብቻ የምትኖር መስሏት እንደነበር ነገረቻት። የተኳሿ ሳቅ እዚያ ላይ ቆመ። አሮጊቷ ጎረቤቷ እማማ ነበሩ።

ተኳሿ የምትሠራው አንድ ላውንደሪ ቤት ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ የዕለቱን ቅርጫት የጨረሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሲነገር ደስ የሚል፣ ሲሠራ ግን ወገብ የሚያጎብጥ ደንብ። ቅርጫቱ ሳይመሽ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቤት ስትደርስ ልጅቷን በእማማ አልጋ ላይ ተኝታ ታገኛታለች። አቅፋ ወደ ቤቷ ትወስዳታለች፤ ጠዋት ፊቷን አጥባ መልሳ ለእማማ ትሰጣታለች። ልጇ ምን እንደሚያስቃት እንኳ የምትሰማው ከሰው አፍ ነበር።

መላው የተገለጠላት አንድ ቀን ካውያው እስኪበርድ ቆማ ስትጠብቅ ነው። ልብስ የሚተኩሱት በደንበኛ በደንበኛ ነበር። የአንዱ ሰውዬ የጥጥ ሸሚዝ ሲያልቅ የሚስቱ የሐር ሻርፕ ይከተላል፤ ሐር የጋለ ካውያ አይችልምና እስኪበርድ መቆም ነው። ሻርፑ ሲያልቅ ደግሞ ለሚቀጥለው ጥጥ እስኪግል መቆም። ለካ ቀኗን የሚበላው ልብሱ ሳይሆን ጥበቃው ኖሯል።

በማግስቱ ቅርጫቱን ገልብጣ ልብሱን በጨርቁ ዓይነት ለየችው። ለብ ያለ የሚበቃው ይቀድማል፤ ሱፉ ይከተላል፤ ጥጡ መጨረሻ። ጥጡን ጠዋት ውሃ ረጭታ ጠቅልላ ስለምታስቀምጠው ተራው ሲደርስ ለስልሶ ይጠብቃታል። ካውያው ከጠዋት እስከ ማታ እየጋለ እንጂ እየበረደ አይሄድም። የቱ ልብስ የማን እንደሆነ አንገቱ ላይ የተሰፋው ቁጥር ይናገራል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅርጫቱ ባዶ ሆነ፤ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ የቆመችውም ያን ዕለት ነው።

ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ስለ ጥላቸው ስታወራ ሄደች። የእናቷ ጥላ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አታውቅም ነበር። ቤት ሲደርሱ ነገም ትመጪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ተኳሿ እመጣለሁ አለቻት፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ መጣች።

ከፊት ለፊቷ የምትተኩሰውን ባልንጀራዋን ላውንደሪው ሁሉ እንፋሎት ይላታል፤ ወሬዋ እንደ ካውያ እንፋሎት በየቀዳዳው ስለሚወጣ። ተኳሿ ግን በዚህ ቅጽል ስም ጠርታት አታውቅም፤ እህቴ ነው የምትላት። አብረው ተቀጥረዋል። ተኳሿን ምጥ የያዛት ሌሊት እጇን ይዛ ያደረችው እንፋሎት ናት። እንፋሎት ቀን ቆጥራ፣ አይታ አይታ፣ አንድ ከሰዓት አላስችል አላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጂኒ ነው እንዴ የሚተኩስልሽ?»

ወገቧ እንዳለቀ፣ እሷም በጊዜ ቤቷ ገብታ ጋደም ማለት እንደናፈቃት እያነሳች አለቀሰች። ተኳሿ አልጨከነችባትም። ቅርጫቷን ከጨረሰች በኋላ ለጥቂት ቀን እየቆየች አሳየቻት፤ ጨርቁን በእጅ ዳስሶ መለየቱን፣ ጥጡን ማርጠቡን፣ ሁሉንም። በእነዚያ ቀናት ልጅቷን እማማ ወሰዷት፤ ልጅቷም አኮረፈች። ተኳሿ ለእህቴ ነው ብላ ተጽናናች። የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የላውንደሪው ባለቤት ጋሼ እንዳይሰሙ። ከሰሙ ቅርጫቱን ያተልቁታል። እንፋሎት ከፈለግሽ አፌን በመርፌ ስፊው ብላ ሳቀች።

አንድ ሰኞ ጠዋት በየጠረጴዛው ሥር አዲስ ቅርጫት ተቀምጦ ነበር፤ ከድሮው አንድ ክንድ የሚረዝም። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ገቡ። እንፋሎት ካውያ እስኪበርድ የማያስቆም አሠራር ማግኘቷን፣ ከዛሬ ጀምሮ የተኳሾች ኃላፊ እሷ መሆኗን ነገሯቸው። ልብሱን መለየትም፣ ማርጠብም አንድ በአንድ አስረዱ። ተኳሿ የራሷን ቃላት ከሰው አፍ ሰማች። ጋሼ ሥራው ስለቀለላችሁ ቅርጫቱ መጨመሩን አትቆጥሩትም አሉ። ተኳሿ መላውን ሳታገኝ ትወጣበት በነበረው ሰዓት እንኳ ብትወጣ ዕድለኛ ናት ማለት ነው።

ወደ ጋሼ ቀርባ በድሮው ቅርጫት እንድትቀጥል ለመነቻቸው፤ ልጇ እንደምትጠብቃትም ነገረቻቸው። ሌሎቹም ልጅ አላቸው አሏት፣ ሳይቆጡ።

እንፋሎትን ያገኘቻት ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጀርባ ነው።

«ስሜን ጠርተሽላቸው ነበር?» አለቻት።

እንፋሎት የለበሰችውን አዲስ ጋዋን ቁልፍ ነካካች። «ወገቤን ታውቂዋለሽ። ጋሼ ቆሞ የሚቆጣጠር ሰው ፈልገው ነበር። አንቺ እንደሆን አፍ የለሽም፤ ዝም ብለሽ ይዘሽው ምን ይጠቅማል ብዬ ነው።»

«ስሜን ጠርተሽ ነበር ወይ?»

እንፋሎት ቁልፉን ለቀቀችው። ፊቷም ፈካ አለ።

«አትዘኚ፣ እህት ዓለም። እኔ ካሁን በኋላ በጊዜ ነው የምወጣው። ልጅቷን እየወሰድኩ አቆይልሻለሁ። ደግሞ ትወደኛለች።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ተኳሿ ሰምታለች። ፈረሱ ጥሎሽ ሲያበቃ ልጅሽን ላዝልልሽ እንደሚል ግን የነገራት አልነበረም። ማልቀስ ፈለገች፤ አልቻለችም። አይሆንም ብቻ አለቻትና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

በምሳ ሰዓት ልጅቷን እንዲወስዱላት ለእማማ ደወለች። ምን ሆንሽ ሲሏት ሥራ በዛ አለቻቸው። ከዚያ መዋዕለ ሕፃናቱ ጋ ደውላ፣ ልጅቷን ከእማማ በቀር ለማንም፣ እናቷ ልካኝ ነው ለሚል ሰው እንኳ ቢሆን፣ እንዳትሰጥ መምህርቷን አደራ አለቻት። መምህርቷ ልጅቷ ከአሁኑ ቦርሳዋን አንግታ በሩ አጠገብ መቀመጧን ነገረቻት።

የዚያን ዕለት ልጅቷን እማማ ወሰዷት።